ፔዳሉ መሬት ሲቀር፦ ካምቢዮ ከማስወረዳችሁ በፊት

ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ከቢሾፍቱ 6 ካርቶን የአንድ ቀን ጫጩት ጭኜ ወደ ደብረ ማርቆስ እሄዳለሁ። በየካርቶኑ 100 ጫጩት አለ። ጎሃ ጽዮንን አልፌ ዓባይ በረሃ ወረድኩ። ድልድዩን ተሻግሬ የደጀንን ዳገት ተያያዝኩት። ከፊቴ አንድ ተሳቢ እያቃሰተ ይወጣል። ከ3ኛ ወደ 2ኛ ልቀንስ ብዬ ፍሪሲዮን ስረግጥ ፔዳሉ መሬት ወረደ። ወርዶም ቀረ። በጫማዬ አፍንጫ ከስር ፈልቅቄ አነሳሁት። ስረግጠው ተመልሶ ተኛ።

መኪናዬ የ1994 እ.ኤ.አ. ሃይሉክስ ናት። ደብል ጋቢና፣ ባለ 2.8 ናፍጣ፣ ሞተሯ ስሪ ኤል (3L) የሚባለው። የአባቴ ነበረች። ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ታኮ አደረገ። ሙቀቱ ያቃጥላል። ጫጩት ሲበርደው ይጮሃል፤ ሲሞቀው ግን ዝም ብሎ አፉን ከፍቶ ያለከልካል። የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ዝም ማለት ጀምረዋል።

አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆሙልን። ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሰው ናቸው።

«ምን ሆነሽ ነው እህቴ?»

«ፍሪሲዮን እምቢ አለኝ፣ ጋሼ።»

ኮፈኑን አስከፈቱኝና ጣታቸውን ወደ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ቀሰሩ። ባዶ ናት። «ከላይ ነው ከታች የሚያፈሰው?» አሉኝ። ፍሪሲዮን ላይና ታች እንዳለው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ያውም አምስት ዓመት ሙሉ ከነዳሁ በኋላ!

ከዚያ ወዲህ ላይኛውንም ታችኛውንም በእጄ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። መካኒክ አይደለሁም፤ የጫጩትና የመኖ ነጋዴ ነኝ። ግን አሮጌ ፒክአፕ ያላችሁ ሰዎች እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ የማውቀውን ልንገራችሁ። የምናገረው ስለ ሃይሉክስ ነው። ሌሎቹም በዘይት የሚሠራ ፍሪሲዮን ያላቸው አሮጌ ፒክአፖች በአሠራር ያው ናቸው። በሽቦ የሚሳበው ግን ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ ቂሜን ላውራ። ከዓባዩ ጉድ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማርሽ እየጮኸ አልገባ ብሎኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ረገጠና «ሸራ ነው፤ ካምቢዮ ይውረድ» አለ። ኮፈን አልከፈተም። ስሯ አልገባም። ሸራ የሚለው የሞተሩን ጉልበት ይዞ ለካምቢዮው፣ ለማርሽ ሳጥኑ ማለት ነው፣ የሚያስተላልፈውን የፍሪሲዮን ዲስክ ነው። ካምቢዮው ወረደ። ሸራው፣ ሸራውን የሚጫነው ሰሃንና ኩሽኔታው ተቀየሩ። ሁለት ቀን ቆመች። የወጣውን ሸራ አምጡልኝ ብዬ ሳየው ሪቬቶቹ ገና ጠልቀው ነው ያሉት። የቶዮታ መመሪያ ሸራው ይቀየር የሚለው ከሪቬቱ ራስ በላይ 0.3 ሚሊሜትር ብቻ ሲቀር ነው። የእኔው ገና ብዙ መንገድ ይሄድ ነበር። በሳምንቱ ማርሹ እንደገና ጮኸ። ለሳምንት የተሻላት ሲገጥሟት ዘይት ሞልተው አየር ስላወጡላት እንጂ በሸራው አልነበረም። ጥፋተኛዋ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማትበልጥ አንዲት ጎሚኒ፣ ዘይት እንዳያልፍ የምታሽግ ጎማ ናት።

አሠራሩ ቀላል ነው። እኔ የገባኝ በራሴ ሥራ ዕቃ ነው። ሁለት መርፌ ውሃ ሞልታችሁ በግሉኮስ ቱቦ አገናኙ። የአንዱን መግፊያ ስትጫኑ የሌላኛው ይወጣል። የፍሪሲዮኑም ነገር ይኸው ነው። ፔዳሉ ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ ኮፈን ውስጥ ግድግዳው ላይ የታሰረውን ላይኛውን ሲሊንደር ይጫናል፤ ዘይቱ በቀጭን የብረት ቱቦና በአንድ አጭር የጎማ ቱቦ ወርዶ ካምቢዮው ጎን ላይ ወዳለው ታችኛው ሲሊንደር ይገባል። የታችኛው ዘንግ ሹካውን ይገፋል፣ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታው ሸራውን ያስለቅቃል። መለዋወጫ ሱቅ ላይኛውን «ማስተር»፣ ታችኛውን «ስሌቭ» ይሉታል። ዘይቱ ደግሞ ያው የፍሬን ዘይት ነው። መርፌው ውስጥ አረፋ ካለ ወይም ጎሚኒው ከላላ ምን እንደሚሆን ክትባት የሰጠ ሰው ያውቀዋል። ትጫናላችሁ፣ ወዲያኛው ጫፍ አይነቃነቅም።

አሁን በሽታውን እንለይ። ፍሪሲዮን የሚያስቸግረው በሁለት መንገድ ነው። ወይ አይለቅም፣ ወይ አይዝም። ሰው ሁለቱን ያምታታል፤ ብር የሚበላውም እዚያ ላይ ነው።

አለመልቀቁን ለማወቅ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። ሞተሩ በሚኒሞ ይሥራ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ርገጡ፣ አምስት ሰከንድ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ ኋላ ማርሽ አስገቡ። ጥርስ ለጥርስ ተፋጭቶ ከጮኸ አልለቀቀም ማለት ነው። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የዘይቱ መስመር ጣጣ ነው። አለመያዙን ለማወቅ ደግሞ በ4ኛ ማርሽ ቀላል ዳገት ላይ ነዳጅ ጠበቅ አድርጋችሁ ስጡ። ሞተሩ ጮኾ ፍጥነቷ ካልተከተለው ሸራው እየተንሸራተተ ነው። የሸራ ጉዳይ የሚነሳው ያኔ ነው። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ማርሽ እየጮኸ የማይገባ ከሆነ ሥራችሁ ከፔዳሉ ተነስቶ ዘይቱ በሚሄድበት መንገድ መውረድ ነው። ባትሪ መብራት፣ ነጭ ጨርቅና አንድ ረጋጭ ሰው ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ከኩባያዋ ጀምሩ። ክዳኗን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያዋን ጥረጉ፤ አቧራ ከገባ ጎሚኒ ይፈጃል። ዘይቱ ቀንሷል? እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙ። የፍሬን ኩባያ የፍሬን ሸራው እያለቀ ሲሄድ ትንሽ በትንሽ ይቀንሳል፣ ያለ ነው። የፍሪሲዮኑ ግን ተቃራኒ ነው። ሸራው ባለቀ ቁጥር ሹካው የታችኛውን ሲሊንደር ወደ ውስጥ ስለሚገፋው ዘይቱ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ስለዚህ የፍሪሲዮን ኩባያ ከቀነሰ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። «ትንሽ ጨምሪበት፣ ምንም አይደል» የሚላችሁን አትስሙ። እኔ በወር በወር እያስጨመርኩ ነው ዓባይ በረሃ ድረስ የደረስኩት። የዘይቱንም ቀለም እዩ። ጥቁር ጭቃ ከመሰለ ጎሚኒው እየተፈጨ ነው።

ቀጥሎ ጋቢና ውስጥ ተንበርከኩ። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው፤ ወገብ ይጠይቃል። ከፍሪሲዮን ፔዳሉ በላይ ዘንጉ ግድግዳውን የሚበሳበትን ቦታ በመብራት እዩ። ነጩን ጨርቅ በጣታችሁ ጠቅልላችሁ ዘንጉ የሚገባበትን የጎማ ሽፋን ዙሩት። ረጥቦ ከወጣ ላይኛው ሲሊንደር ከኋላው እያፈሰሰ ነው። ምንጣፉንም ገልጡ። የእኔ ምንጣፍ ስር ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አውጥቶ ተነስቶ ነበር። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ያንን ሳይ ነው «ከላይ» የሚለው መልስ የተገኘው።

እዚያው እያላችሁ ፔዳሉን በእጃችሁ ነቅንቁት። ዘንጉን ከፔዳሉ ጋር የሚያገናኘው ፒን ቀዳዳውን አስፍቶ እንቁላል አስመስሎት ሊሆን ይችላል። 30 ዓመት የተረገጠ ፔዳል ነው። እዚያ የሚባክነው እያንዳንዱ ሚሊሜትር ታች ሲደርስ ይጎድላል። ፔዳሉን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ስትገፉ መጀመሪያ ልል የሆነ እንቅስቃሴ ይሰማችኋል። የቶዮታ መመሪያ ከፔዳሉ ጫፍ ሲለካ የዘንጉ ልልነት ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር፣ አጠቃላይ የፔዳሉ ልልነት ከ5 እስከ 15 ሚሊሜትር ይሁን ይላል። ከዚያ ከበዛ በዘንጉ ላይ ያለውን ዳዶ አላልታችሁ ዘንጉን በማዞር ይስተካከላል። እኔ አንድ ወር ሙሉ በዚህ ብቻ ነድቻለሁ።

ግን ልልነቱን ጨርሳችሁ እንዳታጠፉት። ጎበዝ ነኝ ባይ «ፔዳሉን ከፍ እናድርገው» ብሎ ያጠብቀዋል። ዘንጉ ሁልጊዜ ከተጫነ ዘይቱ ወደ ኩባያው የሚመለስባት ቀዳዳ አትከፈትም። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ያብጣል፣ መመለሻ የለውም፣ እግራችሁ መሬት ሆኖ ፍሪሲዮኑ ግማሽ ተረግጦ ይቀራል። ሸራው ይቃጠላል። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄ ነው። ፍሪሲዮን አልይዝ ካለ ካምቢዮ ከማውረድ በፊት ታችኛው ላይ ያለችውን የአየር ማውጫ ላላ አድርጉ። ማንም ሳይረግጥ ዘይት ፊጭ ብሎ ወጥቶ ሸራው መያዝ ከጀመረ፣ መስመሩ ውስጥ ግፊት ታስሮ ነበር ማለት ነው። ወይ ዘንጉ ጠብቋል፣ ወይ የጎማ ቱቦው ውስጡ ተዘግቷል፣ ወይ ጎሚኒው አብጧል። በሌላ ጊዜ ያው ነገር ሲመጣ የአየር ማውጫውን ትታችሁ ላይኛው ላይ የቱቦውን ማያያዣ አላሉ። ግፊቱ እዚያ ከተነፈሰ ጥፋቱ ላይኛው ወይም ዘንጉ ነው። እዚያ ምንም ካልወጣና ከታች ብቻ ከወጣ የተዘጋው የጎማ ቱቦው ነው።

አሁን ስሯ እንግባ። ጎማ ታኮ፣ እጅ ፍሬን፣ ሞተር ጠፍቶ። ሃይሉክስ ከፍ ስላለች ክሪክ አያስፈልግም፤ ካርቶን አንጥፋችሁ ትገባላችሁ። ካምቢዮው ጎን ላይ በሁለት ብሎን የታሰረውን ታችኛውን ሲሊንደር ታገኛላችሁ። ጫፉ ላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የጎማ ሽፋን አለው። በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ገልጡት። ጠብታ ከወረደ የውስጡ ጎሚኒ አልቋል። እርጥብ ባይሆንም ጭቃና ዝገት ከወጣ ዕድሜው ሩቅ አይደለም።

ከዚያ ረጋጩ ቀስ ብሎ ይርገጥ። እናንተ የጎማ ቱቦውን በሁለት ጣት ያዙት። ሲረገጥ በእጃችሁ ውስጥ ካበጠ የእግራችሁን ጉልበት እየበላ ያለው እሱ ነው። ዘንጉንም እዩ። ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ጥርት ብሎ ከተገፋና ማርሹ አሁንም ከጮኸ፣ ጥፋቱ ከዘይቱ መስመር አልፏል። ሹካው ተሰንጥቆ፣ ኩሽኔታው ተበልቶ ወይም ሸራው ዝገት ይዞት ከቮላኖው፣ ከሞተሩ ጀርባ ካለው ከባድ ክብ ብረት ጋር ተጣብቆ ይሆናል። «ካምቢዮ ይውረድ» የሚባለው ያኔ ነው። ለመካኒኩ «ዘንጉ ሙሉ ይገፋል፣ አይቻለሁ» ብላችሁ ስትነግሩት አነጋገሩ እንዴት እንደሚለወጥ ታያላችሁ።

የትም ጠብታ ከሌለስ? ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። ኩባያው ሙሉ፣ ሁሉም ደረቅ፣ ፍሪሲዮኑ ግን አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም። ቶሎ ሲረገጥ ደህና ነው፤ መብራት ላይ ረግጣችሁ ስትጠብቁ ግን መኪናዋ መሳብ ትጀምራለች። ፊት ለፊት ሰውም መኪናም የሌለበት ሜዳ ላይ ሞክሩት። ረግጣችሁ 1ኛ አስገቡ፣ ቀኝ እግራችሁ ፍሬን አጠገብ ይሁን፣ ፔዳሉን ሳትለቁ 30 ሰከንድ ያህል ቆዩ። ከቆይታ በኋላ ቀስ እያለች ከተንቀሳቀሰች የላይኛው ጎሚኒ ዘይቱን በጎኑ እያሳለፈው ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ ውጭ ስለማይፈስ ማንም አያየውም።  ሁለት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲረገጥ ፔዳሉ እየጠነከረ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አየር አለ።

አየር ማውጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ታዛዥ መሆን አለበት። ኩባያውን ሙሉ። ታችኛው ላይ ያለችው የአየር ማውጫ 8 ወይም 10 ቁጥር ቁልፍ ትወስዳለች። አፏ ላይ የሚታይ ቱቦ ሰኩ፤ እኔ የግሉኮስ ቱቦ እጠቀማለሁ። ሌላኛውን ጫፍ ትንሽ የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት። ረጋጩ ቀስ ብሎ ይርገጥና መሬት ላይ ይያዝ። «ያዝ» ሲባል ይያዝ! ማውጫዋን ሩብ ዙር ክፈቱ። ዘይትና አረፋ ይወጣል። ዝጉ። አሁን ይልቀቅ። ሳትዘጉ ከለቀቀ ያወጣችሁት አየር ተመልሶ ይገባል። እኔና ረዳቴ የመጀመሪያ ቀን የተጣላነው በዚህ ነው። እሱ «ልቀቅ ያልሽኝ መስሎኝ፣ እትዬ» ይላል፣ እኔ መኪና ስር ተኝቼ ዘይት ፊቴ ላይ ይፈሳል። አሁን የምንነጋገረው በሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ያዝ» እና «ተው»። በየአምስት ረገጣው ኩባያዋን እዩ። አንዴ ባዶ ከሆነች ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ማውጫዋንም በጉልበት አትጠምዝዟት፤ ትንሽ ናት፣ ትሰበራለች።

አንዳንዴ ይሄ ሁሉ ሆኖ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይቀራል። አየር ወደ ላይ መውጣት ይወዳል፣ እኛ ደግሞ ወደ ታች እየገፋነው ነው። ያኔ ገልብጬ እሠራዋለሁ። አዲስ፣ ምንም ያልነካው 60 ሚሊሊትር መርፌ ዘይት እሞላለሁ፣ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር አስወጣለሁ፣ ማውጫዋ ላይ ሰክቼ ማውጫዋን እከፍታለሁ፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብዬ እገፋለሁ። ረዳቴ ከላይ ኩባያዋን እያየ አረፋ ብቅ ሲል ይነግረኛል፤ እንዳትሞላ ደግሞ በሌላ መርፌ ይመጥጣል። ከሁለት ሰዓት ልፋት ያዳነኝ ይሄ ዘዴ ነው። ያ መርፌ ግን ከዚያ በኋላ ዶሮ ቤት አይገባም። ቀይ ቀለም ቀብቼ መሣሪያ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

የምትሞሉት ዘይት ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይሁን። ሁለቱ ቢቀላቀሉም ችግር የለውም። ዶት 5 የሚለው ግን ሲሊኮን ነው፤ ከነሱ ጋር አይገናኝም። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ተከፍቶ ዓመት የቆየ ጠርሙስ ካላችሁ ለሌላ ነገርም አይሆን፣ አስወግዱት። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡት።

ዓባይ በረሃ ላይ እኔ የሞተር ዘይት ልጨምርበት ነበር። ኋላ ወንበር ስር አንድ ሊትር አለኝ። ዘይት ዘይት ነው ብዬ ነው። ጋሼ እጄን ያዙኝ። «ይሄን ከጨመርሽ ከላይ እስከ ታች ያለውን ጎሚኒ በሙሉ ትቀይሪያለሽ» አሉ። እውነታቸውን ነው። የሞተርም ሆነ የመሪ ዘይት ለፍሬን ዘይት የተሠራውን ጎማ ያሳብጠዋል። የገባበት ሰው የብረት ቱቦውን አጥቦ ጎማ ጎማውን ሁሉ ከመጣል ሌላ ምርጫ የለውም። የፍሬን ዘይት እሳቸውም አልያዙም። ስለዚህ ያለ ፍሪሲዮን መንዳት አስተማሩኝ።

የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ «ፍሪ» ላይ አደረግን። ከዚያ ትንሿን ማርሽ ኤል 4 አስገባሁ። መቆለፊያው ፍሪ ከሆነ ጉልበቱ የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ይሆናል፣ አስፋልት ላይም አይጎዳም። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ 2ኛ አስገባሁ። ረዳቴ ታኮውን ለማንሳት ከጎን ቆመ፤ ከፊትም ከኋላም ማንም የለም። እጅ ፍሬኑን እየለቀቅሁ ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ሞተሪኖው፣ የሞተር ማስነሻው ማለት ነው፣ ራሱ ጎተታት፣ ትንሽ ተርገፈገፈች፣ ተነሳች። ይሄ የሚሠራው ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ቁልፍ የማይቀበል ስዊች የሌላት መኪና ላይ ነው።

ማርሽ ለመጨመር እግሬን ከነዳጁ አነሳለሁ፤ ጥርሱ ሲላላ ማርሹን ወደ ዜሮ እስበዋለሁ። የሞተሩ ድምፅ ወረድ እስኪል ጠብቄ በሁለት ጣት ወደ 3ኛ እጠጋዋለሁ። ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይገባል። ካልገባ አይገፋም። ለመቀነስ ተቃራኒው ነው፤ ዜሮ ላይ ትንሽ ነዳጅ ሰጥቶ ድምፁን ከፍ ማድረግና ከዚያ መጠጋት። ለመቆም ደግሞ ሳትቆም በፊት ዜሮ ማድረግ፤ አለዚያ ተንገጫግጫ ትጠፋለች። ጋሼ ከኋላዬ መብራት እያበሩ ደጀን ድረስ ሸኙኝ። ከተማ ውስጥ ግን ይሄን እንዳትሞክሩ። ቁልፍ ሲዞር መኪናዋ እንደምትንቀሳቀስ አትርሱ።

ደጀን ላይ ካርቶኖቹን ጥላ ስር አወረድናቸው። 11 ሞተውብኛል። የፍሬን ዘይት ገዝቼ ሞልቼ፣ አየር አውጥቼ፣ እየጨመርኩ ደብረ ማርቆስ ገባሁ።

ዕቃ የገዛሁት አዲስ አበባ ስመለስ ሶማሌ ተራ ነው። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። «የሃይሉክስ ማስተር» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የውስጡ ስፋት በየሞዴሉ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ገላው ላይ በኢንች ተቀርጿል። ሰፊ ከገጠማችሁ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ጠባብ ከገጠማችሁ ታችኛው ሙሉ አይገፋም። የብሎን ቀዳዳውንና የቱቦ መግቢያውን ጎን ለጎን አስተያዩ።

ሙሉውን ልግዛ ወይስ የጎሚኒ ኪት? ፈትታችሁ የሲሊንደሩን ውስጥ እዩ። እንደ መስታወት ከለሰለሰ ኪቱ ይበቃል። ጥፍራችሁ የሚይዘው ጉድጓድ ወይም የዝገት ነቁጥ ካለ አዲስ ጎሚኒ በወር ይቆረጣል፤ ሙሉውን ግዙ። በብርጭቆ ወረቀት ላስተካክለው ብላችሁ አትድከሙ፣ ሞክሬዋለሁ። ስታጥቡ በናፍጣም በቤንዚንም አይሁን፤ በፍሬን ዘይት ወይም በንጹሕ አልኮል ነው። አዲሱን ጎሚኒ ዘይት ውስጥ ነክሩና የከንፈሩ ክፍት ጎን ወደሚጫነው ዘይት ዞሮ ይግባ። ተገልብጦ ከገባ ቀኑን ሙሉ አየር ስታወጡ ትውላላችሁ። ታችኛው ተፈትቶ ሳለ ደግሞ ማንም ፔዳል እንዳይረግጥ፤ ፒስተኑ ተፈናጥሮ ይወጣል። ቀጭኑን የብረት ቱቦ በተራ ቁልፍ ከፈታችሁ የዳዶው ጥግ ይላጫል። ለቱቦ የተሠራው፣ ዳዶውን ዙሪያውን የሚያቅፈው ቁልፍ አለ፣ ፈልጉ።

አቅም ካለ ላይኛውንና ታችኛውን አብራችሁ ቀይሩ። እኔ ላይኛውን ብቻ ቀይሬ በሦስተኛው ሳምንት ታችኛው ማፍሰስ ጀመረ። አዲሱ ላይኛው ሙሉ ግፊት ሲልክበት አሮጌው ጎሚኒ አልቻለውም። የጎማ ቱቦውንም በዚያው ብቀይረው ኖሮ ሁለተኛ አየር ባላወጣሁ ነበር።

ከገጠማችሁ በኋላ ኩባያዋ ላይ የዘይቱን ልክ በእስክሪብቶ አስምሩ። በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንቱ እዩት። እኔ ከጫጩት ካርቶን መዳፍ የሚያክል ነጭ ቁራጭ ቆርጬ ፔዳሉ ስር ምንጣፉ ላይ አኖርኩ። ጠብታ ከወረደ እሱ ላይ ይታያል። ዛሬ ጠዋት ወደ ፍቼ ከመውጣቴ በፊት ጎንበስ ብዬ አየሁት። አቧራ ብቻ ነው ያለው።